ዕድሜን መጠየቅና ማንነትን መሰብሰብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ልጆችን ከልቅ የወሲብ ምስሎች ለመጠበቅ ሲባል በየአገሩ ስለሚወጡት የኢንተርኔት የዕድሜ ማረጋገጫ ሕጎች እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ርእሱን የሰሙ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ፣ «ስለ ድልድይና ስለ ግድብ በሚነገርበት አዳራሽ ስለዚያ ዐይነት ፊልም ልታወራ ነው?» ሲሉ በግልጽ ተቃወሙኝ። ሐፍረታቸው ይገባኛል። ይሁንና እኔ የተጠየቅሁት በፊልሙ ፊት ስለሚቆመው በር እንድናገር ነው፤ በር እንዲቆም የሚያዘው ሕግ አውጪው ቢሆንም የሚሠራው መሐንዲስ ነውና ጉዳዩ የእኛ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከአገራችን ዐዋጆች ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የማሳስበው የአቆጣጠሩ ልዩነት ራሱ በኋላ ከምንደርስባቸው ችግሮች አንዱ ስለሆነ ነው።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቀን ቀን የሕንድና የካራቴ ፊልም ይታይበታል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ግን በር ጠባቂው በርጩማውን አውጥቶ ከደጃፉ ይቀመጥና የእያንዳንዱን ገቢ ፊት ይመረምራል። ጢም ያላበቀለ ይመለሳል። ሰውዬው አንዳንድ ጊዜ ይሳሳት ነበር፤ ቁመቱ የረዘመውን የ15 ዓመት ልጅ ያስገባና አጭሩን የ20 ዓመት ወጣት ይመልሳል። ሃምሳ ሳንቲም ጨምሮ የሰጠውንም እንዳላየ የሚያልፍበት ምሽት አልጠፋም። ይህ ሁሉ ጉድለት ያለበት ሰው ሳለ አንድ ትልቅ በጎ ጠባይ ነበረው፤ አይቶ ይረሳል። ማን ገባ፣ ማን ተመለሰ ብሎ በመዝገብ አይጽፍም፤ በማግሥቱ ከእናታችን ጋር መንገድ ላይ ቢያገኘንም ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል።

ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ሕግ አውጪዎች የሚፈልጉት ይህንኑ በር ጠባቂ በየድረ ገጹ ደጃፍ ለማስቀመጥ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በደጃፉ የነበረው «18 ዓመት ሞልቶኛል» የሚል አንድ ቁልፍ ብቻ ሲሆን፣ ይህንም የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ሊጫነው ይችላል።

በአሜሪካ ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። የአገሪቱ ምክር ቤት ልጆችን በኢንተርኔት ለመጠበቅ በ1996 እና በ1998 ካወጣቸው ሁለት ሕጎች የመጀመሪያው ዋና ድንጋጌዎቹ በ1997 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተሻሩ፤ ሁለተኛው በ2004 እገዳው ጸንቶበት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የዚያን ጊዜው ፍርድ ቤት፣ ወላጆች በየቤታቸው የማጣሪያ ፕሮግራም ቢያኖሩ በዐዋቂው ነጻነት ላይ የሚደርሰው ሸክም ይቀላል የሚል አስተያየት ነበረው። ከዚያ በኋላ ስማርት ስልክ በየልጁ ኪስ ገባ። የሉዊዚያና ግዛት በ2022 ያወጣችው ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሲጸና፣ ሌሎች ብዙ ግዛቶች ተከትለዋታል። ከእነዚህ መካከል የቴክሳስ ሕግ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ደርሶ፣ በጁን 27 ቀን 2025 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ጸና። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በጻፉት የአብላጫው ውሳኔ፣ ልጆችን ለመጠበቅ ሲባል ዕድሜን መጠየቅ በዐዋቂው ላይ የሚያደርሰው ሸክም ከዓላማው ጋር ሲመዘን የሚታለፍ ሆኖ ተገኘ። ዳኛ ኤሌና ኬገን በልዩነት ሲጽፉ ደግሞ፣ ዐዋቂው በሕግ የተፈቀደለትን ነገር ለማየት ማንነቱን ማሳየት የሚገደድ ከሆነ ሕጉ ይበልጥ ጠበቅ ባለ ሚዛን መመዘን ነበረበት አሉ።

ብሪታንያ በበኩሏ በ2017 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር። ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት መንግሥቱ ለአውሮፓ ኮሚሽን ማስተላለፍ ይገባው የነበረውን ማስታወቂያ አለማስተላለፉ ታወቀና ቀጠሮው ተራዘመ፤ በኦክቶበር 2019 ዕቅዱ ጨርሶ ተተወ። (የወረቀት ሥራ የሚያጓትተው የእኛን ፕሮጀክቶች ብቻ ነው ብላችሁ የምታዝኑ ካላችሁ ተጽናኑ።) በ2023 የወጣው ሁለተኛው ሕግ ግን ከጁላይ 25 ቀን 2025 ጀምሮ በዚህ ረገድ ሥራ ላይ ውሏል። ኦፍኮም የተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጥፋተኛውን ድርጅት እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢው እስከ 10 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ሊቀጣ ይችላል። ሕጉ በጸና ሰሞን በብሪታንያ በብዛት ከሚወርዱት ፕሮግራሞች መካከል የቪፒኤን ፕሮግራሞች ግንባር ቀደም ሆኑ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ2023 በአገራችን ማኅበራዊ ሚዲያዎች ለወራት በታገዱበት ጊዜ፣ በስንት ቤት ታዳጊው ልጅ ለአባቱ ቪፒኤን እንደ ጫነለት እናንተም ታውቃላችሁ።

ይህን ሁሉ ስል የሕጎቹን ዓላማ የማጣጥል እንዳልመስል እፈራለሁ። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ስልኬን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች። የእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር ከ16 እስከ 21 ዓመት የሆናቸውን ወጣቶች አስጠይቀው በ2023 ባወጡት ዘገባ፣ ወጣቶቹ እንዲህ ያለውን ምስል መጀመሪያ ያዩበት አማካይ ዕድሜ 13 ሲሆን፣ ከመቶው 10 ያህሉ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው አይተውት ነበር። በርካታው ምስል ግፍና ማዋረድ ያለበት መሆኑንም ዘገባው ያስረዳል። ይህን ያነበበ አባት በር አያስፈልግም ሊል አይችልም። እኔም አልልም።

ጥያቄዬ በሩ በምን ልክ ተለክቶ፣ ከምንስ ዕቃ ይሠራል የሚል ነው። የቴክሳስ ሕግ ግዴታውን የሚጥለው ለልጆች ጎጂ የሆነው ይዘት ከሲሶው በላይ በሆነበት ድረ ገጽ ላይ ነው። ሲሶ የእርሻ ምርት ለሚካፈሉ ሰዎች ግልጽ ልክ ነው፤ ምርቱ በቁና ይሰፈራልና። የድረ ገጽ ሲሶ ግን የምን ሲሶ ነው? የገጾቹ ብዛት ነው? የፊልሞቹ ደቂቃ ነው? በዲስክ ላይ የያዙት ቦታ ነው? አንድ ደቂቃ ፊልም ከብዙ ሺህ ገጽ ጽሑፍ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ መለኪያው በተለወጠ ቁጥር መልሱ ይለወጣል። ከዚህም የሚከፋው፣ ልጆች ነገሩን የሚያዩት ሲሶው በሞላበት ቤት ብቻ አለመሆኑ ነው። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የእንግሊዙ ዘገባ፣ ምስሉን አየን ካሉት ወጣቶች 41 በመቶው በዚያን ጊዜ ትዊተር ይባል በነበረው መድረክ ላይ እንዳዩ ሲናገሩ፣ ለዚሁ ሥራ በተቋቋሙት ድረ ገጾች ያዩት 37 በመቶ ናቸው። የብሪታንያው ሕግ ማኅበራዊ መድረኮችንም ስለሚጨምር በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ የቴክሳሱ በር ግን አጥር በሌለበት ግቢ ላይ የቆመ ይመስላል።

አሁን ወደ በር ጠባቂው ዐይን እንሂድ። ኦፍኮም ብቁ ብሎ ከዘረዘራቸው ዘዴዎች አንዱ ፊትን በካሜራ አይቶ ዕድሜን መገመት ነው። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በ2024 ስድስት አልጎሪዝሞችን መርምሮ ውጤቱን አሳትሟል። በቪዛ ፎቶግራፎች ላይ በተደረገው ሙከራ የተሻለው አልጎሪዝም አማካይ ስሕተት 3.1 ዓመት ሲሆን፣ በ2014 ከነበረው የ4.3 ዓመት ስሕተት በእጅጉ ተሻሽሏል። ስሕተቱ ግን ለሁሉ እኩል አይደለም፤ በጾታ፣ በምስሉ ጥራትና በትውልድ አካባቢ ይለያያል፤ በሴቶች ፊት ላይ የሚደርሰው ስሕተት ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከወንዶቹ ይበልጣል።

ሦስት ዓመት የሚሳሳት ሚዛን በእጅህ ይዘህ 18ን ጠብቅ ብትባል ምን ታደርጋለህ? ሚዛኑን በ18 ላይ ብታቆመው ብዙ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ያልፋሉ። ስለዚህ ልክ ለምሰሶ ሴፍቲ ፋክተር እንደምንሰጠው ሁሉ ወሰኑን ወደ 25 ከፍ ታደርገዋለህ። በዚህ ጊዜ ልጆቹ አብዛኛውን ይመለሳሉ፤ ነገር ግን ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉት ዐዋቂዎች አብረው ይመለሳሉ። ለእነርሱ የቀረው ሁለተኛው መንገድ መታወቂያቸውን ፎቶግራፍ አንሥተው መላክ ነው። የምሰሶ ሴፍቲ ፋክተር ዋጋ የሚከፈለው በብረትና በሲሚንቶ ነው፤ የዚህኛው ግን በሰው መታወቂያ ይከፈላል። ስለ ካሜራው ብልጠት ብዙ ለሚደነቁ ደግሞ ይህን ልጨምር፤ በ2025 በብሪታንያ አንዳንድ ወጣቶች የአንድ ቪዲዮ ጨዋታ ገጸ ባሕርይን ፊት በካሜራው ፊት ደቅነው አልፈዋል።

መታወቂያው ከተላከ በኋላ የት ይሄዳል? የቴክሳስ ሕግ ለማረጋገጫ የተሰበሰበን የማንነት መረጃ ይዞ ማቆየትን ይከለክላል፤ ያቆየውንም በየጊዜው እስከ 10 ሺህ ዶላር ይቀጣል። ይህ በጎ ድንጋጌ ነው። መጥፋቱን ግን ማን፣ በምን ዘዴ እንደሚያይ መሐንዲስ ሊሠራበት በሚችል ዝርዝር አልተጻፈም። በኦክቶበር 2025 ዲስኮርድ የተባለው የመነጋገሪያ መድረክ፣ አገልግሎት በሚሰጠው በአንድ ሌላ ድርጅት በኩል የ70 ሺህ ያህል ተጠቃሚዎች የመታወቂያ ፎቶግራፍ ለሌባ ሳይጋለጥ እንዳልቀረ አስታውቋል። መታወቂያዎቹ ከዕድሜ ግምት ጋር በተያያዘ አቤቱታ ካቀረቡ ሰዎች የተሰበሰቡ ነበሩ። ይህን ዜና ባነበብኩበት ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እሠራበት የነበረው ድርጅት ለአንድ የውጭ አገር ደንበኛ የዕድሜ ማረጋገጫ ሥርዓት ክፍል እንዲሠራ ውል ወስዶ ነበር። የድርጅቶቹን ስም አላነሣም። ሥርዓቱ የሰውን ፊትና መታወቂያ ተቀብሎ «አለፈ» ወይም «አላለፈ» ይላል። ያለፉት ሰዎች ምስል በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ያላለፉት ግን አቤት ሊሉ ስለሚችሉ ምስላቸው ለ30 ቀን በሌላ ማኅደር ይቀመጥና፣ ጊዜው ሲያልፍ በየሌሊቱ በሚነሣ ፕሮግራም ይደመሰሳል። ይህን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሞክሬዋለሁ፤ በትክክል ይሠራ ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ የሰርቨሩ ዲስክ ሞላና ምክንያቱን እንድፈልግ ታዘዝኩ። የኔ ፕሮግራም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል፤ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚወስደው ሌላው ፕሮግራም ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉን ነገር ገልብጦ ወደ ሌላ ዲስክ ያስቀምጣል። ማጥፊያውን ስጽፍ ስለ መጠባበቂያው አልጠየቅሁም፤ የነገረኝም አልነበረም። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ እኔ ከፊት ለፊት ስደመስስ ከኋላዬ ይከማች ነበር። ማኅደሩን ከፈትኩት። በዚያ የነበሩት ያላለፉት ሰዎች ምስል መሆኑን አስታውሱ። ያላለፉት እነማን ናቸው? ልጆች ናቸዋ! አንዱ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የትምህርት ቤት ካርዱን ከአገጩ ሥር ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ካሜራውን ያያል። ስሙ፣ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ፊቱ፣ የመጣበትም ሰዓትና ሊገባበት የፈለገው ቦታ አንድ ላይ ተጽፈው ተቀምጠዋል። ልጆችን ለመጠበቅ ያቆምነው በር የልጆችን ፊት ከእነ ጥፋታቸው የሚሰበስብ ጎተራ ሆኖ ነበር።

ለኃላፊዬ ነገርኩ፤ በዚያው ቀን እንዲጠፋ አዘዘ፤ ጠፋም። ለደንበኛው የተጻፈው ደብዳቤ ግን «የዲስክ ቦታ ችግር ተስተካክሏል» የሚል ነበር። ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ለባለ ምስሎቹ ይነገራቸው ብዬ አልጠየቅሁም። ያ ማኅደር በእነዚያ ስምንት ወራት በሌላ ሰው ተከፍቶ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም፤ የመግቢያ መዝገቡ የሚያዘው ለ60 ቀን ብቻ ነበርና።

እንዲህ ያለው ጎተራ ሳይኖር በሩ ሊቆም አይችልምን? ይችላል። ፈረንሳዮች በ2022 አሳይተውታል። ክኒል የተባለው የፈረንሳይ የግል መረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከኤኮል ፖሊቴክኒክ ተመራማሪ ጋር ሆኖ ባሳየው ሙከራ መሠረት፣ ድረ ገጹ ዕድሜህን ራሱ አይጠይቅም። አስቀድሞ የሚያውቅህ አካል፣ ባንክ ወይም የስልክ ድርጅት ሊሆን ይችላል፣ «ይህ ሰው 18 ዓመት ሞልቶታል» የሚል ስም የሌለበት ማስረጃ በማኅተሙ አትሞ ይሰጥሃል። አንተ ማስረጃውን ለድረ ገጹ ታሳያለህ። የረቀቀው ነገር ማኅተሙ ነው፤ በሒሳብ ዘዴ የተሠራ የቡድን ፊርማ በመሆኑ፣ ድረ ገጹ ማኅተሙ ከታመኑት አካላት የአንዱ መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ የትኛው ባንክ እንደሆነ አያውቅም። ባንኩም በበኩሉ ማስረጃው የት እንደሚታይ አያውቅም። አንዱ ማንነትህን ያውቃል፣ ሌላው የሄድክበትን ያውቃል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ መዝገብ የለም። የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ አርኮም በኦክቶበር 2024 ባወጣው የቴክኒክ መመሪያ ከሚቀርቡት ዘዴዎች ቢያንስ አንዱ እንዲህ ዐይነት እንዲሆን አዝዟል። የአውሮፓ ኮሚሽንም በጁላይ 2025 ለዚሁ የሚሆን የስልክ ፕሮግራም ንድፍ አውጥቶ ዴንማርክ፣ ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ ኢጣሊያና ስፔን በመጀመሪያ እንዲሞክሩት አድርጓል።

ፍጹም ነው አልልም። ማስረጃው የሚሰጠው ለስልኩ ባለቤት ነው፤ ስልኩን ያነሣው እጅ የማን እንደሆነ አያውቅም። አንድ ስልክ ለመላው ቤተሰብ በሚያገለግልበት ቤት የአባትየው ማስረጃ የልጁም ማስረጃ ይሆናል። ይህን ቀዳዳ የሚደፍን ሒሳብ አላየሁም፤ አባትየው ራሱ መድፈን ይኖርበታል።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ጉዳዩ ከሁለት በኩል ይነካናል። የመጀመሪያው፣ እንዲህ ያለውን ሥራ በውል እየወሰዱ ከሚሠሩት መካከል የእኛ ወጣት መሐንዲሶች መኖራቸው ነው። ሁለተኛው ዕድሜ የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ያለው ሁኔታ ነው። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ልደታቸው በመንግሥት መዝገብ የተመዘገበላቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በስደት አሜሪካ የገቡ ብዙ ወገኖቻችንም የልደት ቀናቸው ባለመታወቁ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎላቸዋል። በዚያ ላይ አቆጣጠሩ አለ። በእኛ አቆጣጠር በ2006 የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው በ2013 ወይም በ2014 ነው። የውጭ አገር ፕሮግራም የትምህርት ቤት ካርዱን አንብቦ 2006ን እንዳለ ቢወስደው፣ ልጁን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ የ11 ዓመቱ ሕፃን 18 ሞልቶት ያልፋል ማለት ነው። ይህን ስሕተት ለንደን የተቀመጠ መሐንዲስ በሙከራ ላያገኘው ይችላል። እኛ ሳናገኘው ብንቀር ግን ምክንያት የለንም።

የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። አንድ ቀን በአገራችንም የዕድሜ በር ይቁም ቢባል፣ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ የመታወቂያውን ቁጥር በየድረ ገጹ ማስገባት ነው፤ የሚቀለውም መንገድ በጨረታ ሰነድ ላይ ቀድሞ እንደሚጻፍ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ለማኅበራችን የቴክኒክ ኮሚቴ አንድ አጭር ረቂቅ አቅርቤአለሁ። ረቂቁ የሚናገረው ስለ ርክክብ ፈተና ብቻ ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ሥርዓቱ ተሠርቶ ሲያልቅ አማካሪ መሐንዲሱ መቶ የፈጠራ መታወቂያዎች ያዘጋጃል፤ ስማቸውና ቁጥራቸው የትም የሌለ፣ የልደት ዓመታቸው ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ። መቶውንም በበሩ ያስገባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ያልፋሉ፣ አንዳንዶቹ ይመለሳሉ፣ የተመለሱትም አቤቱታ ያቀርባሉ። ከዚያም ውሉ ለማጥፊያ የወሰነው ቀን ካለፈ በኋላ አማካሪው ተቋራጩ ባልተገኘበት ዋናውን ዲስክ፣ የመጠባበቂያውን ዲስክና የመግቢያ መዝገቦቹን አስከፍቶ እነዚያን መቶ ስሞች ይፈልጋል። አንድ እንኳ ከተገኘ የርክክቡ ሰነድ አይፈረምም፤ የመጨረሻው ክፍያም አይለቀቅም። ፈተናው ሥርዓቱ በሚሠራበት ዘመን ሁሉ በየስድስት ወሩ ይደገማል።

ያኔ እኔ የሠራሁት ሥርዓት ይህ ፈተና በተደረገበት በመጀመሪያው ጠዋት ይወድቅ ነበር።